ለመሄድ የተሰናዳ፣ ለመቆም ያልተሰናዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ያዮና መቱ በክረምት የሚጓዝ ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት ባለው ሳምንት መኪናው ላይ ምን ማየት አለበት?

በሐምሌ ጠዋት ያዮ ላይ ሰማዩና ጫካው አይለያዩም። ጉሙ ከዛፎቹ ጫፍ ተነሥቶ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚንጠባጠበው ውኃ ለሰዓታት አያቆምም። መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ጎሚስታው ሻዩን ገና ሳይጨርስ የመጀመሪያው ደንበኛ ይደርስበታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ታርጋው የአዲስ አበባ፣ ፖርቶ መጋላው በሸራ የተሸፈነ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ ልጆች እንቅልፍ የወሰዳቸው መኪና። ክሪክ ይገባል፣ የኋላው ጎማ ይነሣል፣ ብሎኖቹ ይፈታሉ። ስኮርታው፣ ትርፉ ጎማ፣ ያለው ከዕቃው ሥር ነውና ለዘመድ የተጫነው ሁሉ እርጥቡ መሬት ላይ ይወርዳል። ጎሚስታው የወጣውን ስኮርታ በአውራ ጣቱ ጫን፣ በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ያየውና ወደ ሹፌሩ ቀና ይላል። «ጋሼ፣ ይኼም እኮ ነፋስ የለውም።»

«ሰርቪስ አስደርጌ ነው የወጣሁት» የሚለው መልስ ከሹፌሩ አፍ ወዲያው ይወጣል፤ ውሸትም አይደለም። በዋዜማው መኪናው ጋራዥ ገብቷል። የሞተር ዘይቱና ፊልትሮው ተቀይሯል፣ የአየር ማጣሪያው ተራግፎ ተመልሷል፣ ምናልባትም ካንዴላው ተጠርጎለታል፣ ታጥቦም አብረቅርቋል። ልብ ብሎ ላየው ግን ይህ ሁሉ ሥራ የሚያገለግለው ሞተሩን ብቻ ነው። መኪናው እንዲነሣ፣ እንዲጎትት፣ ዳገት እንዲወጣ ተደርጓል። የሚያቆመው፣ መሬት የሚያስይዘው፣ ለሹፌሩ መንገዱን የሚያሳየው ክፍል እንደነበረ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም እዚህ ላይ ነው። ወደ ምዕራብ፣ በክረምት፣ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚጓዝ ቤተሰብ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ ፍሬኑ፣ ጎማውና መስታወቱ ይቀድማሉ፤ የዝግጅቱ ጊዜና ገንዘብም በዚሁ ቅደም ተከተል መመደብ አለበት። ሞተሩ እምቢ ያለው መኪና ዳር ይዞ ይቆማል፤ ባለቤቱ ይናደዳል፣ ቀኑ ይበላሻል፣ ሰው ግን ይተርፋል። ፍሬኑ እምቢ ያለው መኪና የሚቆምበትን ቦታ አይመርጥም።

የኢሉባቦር ዝናብ ሐምሌን አይጠብቅም

አዲስ አበቤ ክረምት ሲል የሚያስበው ሦስት ወር ያህል ነው፤ ሰኔ ሲገባ ጃንጥላውን ያወጣል፣ መስቀል ሲደርስ ያስቀምጠዋል። ያዮና መቱ ባሉበት በኢሉባቦር ይህ ሒሳብ አይሠራም። ዝናቡ በመጋቢትና በሚያዝያ ይጀምራል፤ ጥቅምት ሲገባም ገና ጠቅልሎ አልወጣም። የኢሉባቦሯ ጎሬ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አዲስ አበባ የምታገኘው 1,200 ገደማ ነው። ጫካውን ያቆመው ይኸው ውኃ ነው። ያዮ በዓለም የታወቀበት የጫካ ቡና፣ ማንም ሳይተክለው በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው አረቢካ፣ የዚህ ረጅም እርጥበት ልጅ ነው፤ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው መሬት ስፋቱ 167,000 ሄክታር ይደርሳል። መንገዱም የሚያልፈው በዚሁ አገር ነው። ጥላው አስፋልቱን ከፀሐይ ስለሚከልለው ሌላ ቦታ በአንድ ሰዓት የሚደርቀው መንገድ እዚህ እስከ ከሰዓት በኋላ እንደረጠበ ይውላል። ከዛፍ የወረደው ቅጠል፣ ከዳገቱ የታጠበው ቀይ ጭቃ ይለጠፍበታል። ይህ ቀይ አፈር ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሳሙና ነው።

የአገሩ ሰው ወቅት አይቶ መጓዝን ያወቀው መኪና ከመምጣቱ በፊት ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ከቆመ በኋላ የጎሬ ቡና መውጫ በሱዳን በኩል ሆነ። ከካርቱም የሚነሡት መርከቦች ባሮን ሽቅብ ወጥተው ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ ሲሞላ፣ በክረምቱ ወራት ብቻ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው ምድሩ ሳይጨቀይ፣ በበጋ፣ ቡናውን በበቅሎ አውርዶ ያከማቻል፤ ውኃው ሲሞላ መርከቡ ይጭነዋል። የየብሱ መንገድ በሚከብድበት ወቅት የውኃው መንገድ ይከፈት ነበር ማለት ነው። ጉዞው ከወቅቱ ጋር ተስማምቶ ይሄድ እንጂ ወቅቱን አይጋፋም ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ በወሊሶና በወልቂጤ፣ በጅማ፣ በአጋሮና በበደሌ አድርጎ መቱ የሚያደርስ መንገድ አለ። መንገዱ ስላለ ግን ወቅቱም የጠፋ መስሎን ነው የምንነሣው።

«ታዲያ ለምን በበጋ አይሄዱም?» ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው። ልጆችን ለአያት ማሳየት፣ እርጅና የተጫናቸውን ወላጆች መጠየቅ፣ ከውጭ አገር የመጣን ወንድም ወደ ትውልድ ቀዬው ማድረስ የሚቻለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ከመቱ ወጣ ብሎ ያለው የሶር ፏፏቴም ግርማው የሚታየው ውኃው ሲሞላ ነው። ሰው በክረምት ይሄዳል፤ መሄዱም ተገቢ ነው። የሚቀረው ጥያቄ በምን ዓይነት መኪና ይሄዳል የሚለው ነው፤ ይህን ስንል ስለ ብራንዱ ሳይሆን ስለ ሁኔታው ነው።

«ፍሬኑ እምቢ ያለው መኪና የሚቆምበትን ቦታ አይመርጥም።»

ጊቤ ላይ የሚፈላው

የጅማን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ የሚወርደውን ቁልቁለት ያውቀዋል። ብርዱ ያልለቀቀው መኪና ከደጋው ተነሥቶ፣ ጠመዝማዛውን እየተከተለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ወደሆነው የወንዝ ሸለቆ ይዘቀዘቃል። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፤ ልጆች ሹራባቸውን ያወልቃሉ። በዚህ ሰዓት ማንም የማያየው ነገር በጎማዎቹ ውስጥ ይካሄዳል። አንድ ተኩል ቶን የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 35 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከፊሉን ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል። የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ የሚከማቸው ሹፌሩ እግሩን ፍሬኑ ላይ ጭኖ ከወረደ በፍሬን ሸራዎቹ፣ ሸራዎቹ በሚይዙት ብረትና አጠገባቸው ባለው ዘይት ላይ ነው። ብዙ ሊትር ውኃ የሚያፈላ እሳት በአራት ጎማ ውስጥ ተከፋፍሎ ነደደ ማለት ነው።

የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይባል እንጂ ከሞተር ዘይት ጋር አንድ ጠባይ የለውም። ውኃ ይጠጣል። ከአየር ላይ፣ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል፣ በክዳኑ ዳር፣ ቀስ በቀስ እርጥበት ይስባል፤ አገሩ በረጠበ መጠን መሳቡም ይፈጥናል። ዶት 3 የሚባለው የተለመደው ዓይነት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይፈላም። ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል። ፈሳሽ ሲጫኑት የተጫነውን ኃይል ወደ ጎማው ያደርሳል፤ እንፋሎት ግን ሲጫኑት ይጨመቃል፣ ኃይሉም እዚያው ይቀራል። የሹፌሩ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ እንደ ስፖንጅ ይሰምጥበታል፣ መኪናውም አይታዘዝም። ብዙ ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ይህንኑ ነው፤ የተበጠሰ ነገር ግን የለም። ወርዶ ሲበርድ ፔዳሉ ይመለሳል፣ መካኒኩም ፈትቶ ያየውና ምንም አያገኝበትም።

ዘይቱ ማርጀቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ኮፋኖው ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ ከሹፌሩ ወገን ከኋላ በኩል ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። በውስጡ ያለው ፈሳሽ አዲስ ከሆነ ጠራ ያለ የማር ቀለም አለው። ቡና ከመሰለ አርጅቷል። የኢሉባቦር ሰው ሁለቱንም፣ ማሩንም ቡናውንም፣ ከማንም በላይ ያውቃቸዋልና ቀለሙን ለመለየት አስተማሪ አያሻውም። ብዙ አምራቾች ይህ ፈሳሽ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ሙሉ በሙሉ እንዲቀየር ይመክራሉ። በእኛ አገር የተለመደው ግን ሲጎድል መሙላት ነው። መሙላት ደግሞ አሮጌውን ውኃ አያስወጣውም፤ ከሁሉም በላይ ዘይቱ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ስላለቀ ወይም የሆነ ቦታ ስላፈሰሰ ነውና፣ የጎደለውን ሞልቶ መዝጋት መኪናው የነገረንን አለመስማት ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ከሹፌሩ እጅ ነው። የረጅም መንገድ አሽከርካሪዎች በአንድ ቃል የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ቁልቁለት የሚወረደው በወጡበት ማርሽ ነው የሚለው ነው። በከባድ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፤ ፍሬኑ አልፎ አልፎ ብቻ ተረግጦ በመካከሉ ይበርዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚለቅ ሰው ይህን ሁሉ እርዳታ በገዛ እጁ ይጥለዋል። ቁጠባውም ቢሆን የለም፤ በነዳጅ መርጫ የሚሠሩ የዛሬ ሞተሮች በማርሽ ሆነው ቁልቁል ሲወርዱና እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ የነዳጁን ፍሰት ራሳቸው ይዘጉታል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ያቃጥላሉ። አውቶማቲክ መኪና የሚነዳም ሰው ከዚህ አያመልጥም። በማርሽ ዘንጉ ላይ ኤል፣ ቢ ወይም ቁጥር 2 የሚሉት ምልክቶች የተሠሩት ለእንዲህ ያለው ቁልቁለት ነው፤ መኪናውን ለዓመታት ከተማ ውስጥ ሲነዱ አንድ ቀን ነክተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመደረጉ በዚህ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ማየት እየተለመደ ይሄዳል። ለእነዚህ ጊቤ ከባድ ቦታ አይደለም፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሞተሩ ተመልሶ ባትሪ ይሞላል፣ ፍሬኑም ያርፋል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን ይህ እርዳታ ይቀንሳል። የእነሱ ዋና ጭንቀት ሌላ ነው። ቻርጅ ማድረጊያው በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነውና፣ መቱ ድረስ የሚሄድ ሰው ሌሊቱን የት አድሮ እንደሚሞላ ከመነሣቱ በፊት በስልክ አረጋግጦ መያዝ አለበት።

አራት አኃዞች ከጎማው ጎን

ያዮ ላይ ወደ ቆመው መኪና እንመለስ። ጎሚስታው የወለቀውን ጎማ አገላብጦ የሚያየው ሚስማሩን ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ጎኑን ያነባል። በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዞች አሉ። «2319» የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ገና ሳያልቅ ያረጀ ጎማ ብዙ ነው፤ በተለይ ጥቂት በሚነዱ የቤት መኪናዎች ላይና በስኮርታው ላይ። ላስቲክ በዕድሜ ይደድራል፤ የደደረ ላስቲክ ደረቅ አስፋልት ላይ ችግሩን ይደብቃል፣ እርጥብ ላይ ግን ያጋልጠዋል። በአውሮፓ ሕግ የሚፈቀደው ትንሹ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዝናብ መንገድ ግን ባለሙያዎች ከ3 በታች እንዳይወርድ ይመክራሉ። የጎማ ጥርስ ዋና ሥራው ውኃ ማውጣት ነው። ቦዩ ሲያልቅ ውኃው መውጫ አጥቶ በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ይገባል፣ መኪናውም ይንሳፈፋል። በዚያች ቅጽበት መሪው ይቀላል፤ ልምድ የሌለው ሹፌር መንገዱ ተመቸ ይላል እንጂ ጎማው መሬት እንደለቀቀ አያውቅም። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል።

የነፋሱ መጠን በሹፌሩ በር መግቢያ ላይ ተለጥፏል፤ ለባዶና ለሙሉ ጭነት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። አምስት ሰው፣ ሻንጣ፣ ኩንታል ጤፍና የጣሪያ ጭነት ይዞ በባዶ መኪና ነፋስ መሄድ ጎማውን ከጎኑ ያሞቀዋል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። ስኮርታውም እንደ አራቱ ይለካ። ከክሪኩና ከቁልፉ ጋር ሆኖ ከዕቃው ሁሉ መጨረሻ ቢጫን፣ በሌሊት በዝናብ ውስጥ ሻንጣ ማውረድ አይመጣም።

ስለ ዝናብ መጥረጊያ ማንም ጋራዥ ውስጥ አያነሣም፤ ስለዚህ እዚህ ይነሣ። በአዲስ አበባ በጋ መጥረጊያው ለወራት ያለ ሥራ ተቀምጦ ፀሐይ ይመታዋል፣ አቧራ ይጠጣል። ላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ይደርቃል። የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሲመጣ ውኃውን ከመጥረግ ይልቅ መስታወቱ ላይ ይቀባዋል። የሚተካበት ዋጋ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። የመስታወቱ የውስጥ ገጽም በሳሙና ይታጠብ፤ በወራት የተጠራቀመው ስብ ነገር ጉምን ይይዛልና። አምስት ሰው በተዘጋ መኪና ውስጥ ሲተነፍስ መስታወቱ የሚታፈነው ከውስጥ ነው፤ ኤሲው በዚህ ጊዜ የሚከፈተው ለማቀዝቀዝ ሳይሆን አየሩን ለማድረቅ ነው። ኤሲ የሌለው መኪና ነፋሱን ወደ መስታወቱ አዙሮ መስኮቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ይከፍታል። መብራቱ ደግሞ ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመታየትም ነው። በደን ጉም ውስጥ በቀንም ቢሆን አጭሩ መብራት ይበራል፤ ረጅሙ ከጉሙ ላይ ተመልሶ ራስን ያሳውራል።

«የደደረ ላስቲክ ደረቅ አስፋልት ላይ ችግሩን ይደብቃል፣ እርጥብ ላይ ግን ያጋልጠዋል።»

«ቦሎ እኮ አለው»

ለዚህ ሁሉ የሚሰነዘሩ መልሶች አሉ፤ በቀላሉ የሚናቁም አይደሉም። የመጀመሪያው መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን አልፏል፣ ቦሎውም መስታወቱ ላይ ተለጥፏል የሚለው ነው። ምርመራው ይጠቅማል። ግን የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀን ነው፤ በጥቅምት የታየ ጎማ እስከ ሐምሌ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ወረቀቱ አይናገርም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም እንዲሁ መያዝ ያለበት፣ ግን ከአደጋው በኋላ የሚሠራ ነገር ነው። ሁለቱም የሹፌሩን ዓይን አይተኩም።

ሁለተኛው ወደዚያ አገር የሚኬደው በላንድክሩዘር ነው የሚለው ነው። ይህ ለገጠሩ መንገድ እውነትነት አለው፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ቀዩን ጭቃ የሚረግጥ ሰው ከፍ ያለና በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ያስፈልገዋል። ዋናውን መንገድ ግን ትንንሾቹ ኮሮላዎችና ሚኒባሶች ዓመቱን ሙሉ ይመላለሱበታል። እንዲያውም ትልቁ መኪና የሚያመጣው የተለየ አደጋ አለ፤ በአራት ጎማ የሚስብ መኪና ለመሄድ እንጂ ለመቆም ከሌላው የተሻለ አይደለም። አራት ጎማ ከትንሹም ከትልቁም ሥር አለ፤ ፍሬን ሲያዝ ከባዱ ይብሳል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የመለዋወጫ ዋጋ ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ወጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ስለጣለ ሰው በእጁ ያለውን አሮጌ መኪና ይዞ መቆየትን መርጧል። አሮጌ መኪና ደግሞ ብዙ ይጠይቃል። አራት አዲስ ጎማ በአንዴ ግዙ ማለት ለብዙዎች አትሂዱ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚጠቅመው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ካነሰ ቅደም ተከተሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከጌጥ፣ ከአዲስ የወንበር ልብስ፣ ጊዜው ካልደረሰ የሞተር ዘይት ለውጥም በፊት የፍሬን ዘይትና የዝናብ መጥረጊያ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ሁለት ጎማ ብቻ መግዛት የሚችል አዲሶቹን ከኋላ ያስገባ፤ የኋላው ሲንሸራተት መኪናው ይዞራል፣ የዞረን መኪና ደግሞ ጎበዝ ሹፌርም አይመልሰውም። ይህም ካልተቻለ ቤተሰቡን በአውቶቡስ ልኮ መኪናውን ግቢ ማቆየት ነውር የለበትም።

አራተኛው በአፍ ብዙም የማይነገር፣ በልብ ግን ያለ ነው። የሚጠብቀው እግዚአብሔር ነው፣ የሚጠብቀው አላህ ነው የሚል። በዚህ መንገድ ላይ ጸሎት ሳያደርሱ የሚነሡ ጥቂት ናቸው፤ መልካም ልማድም ነው። ከቤቱ ሲወጣ በሩን የሚቆልፍ አማኝ እምነቱ ጎደለ አይባልም። ጎማን ማየትም ከዚያ የተለየ አይደለም፤ በአደራ የያዙትን ሰው መጠበቅ ነው።

ከዋዜማው አንድ ሳምንት በፊት

መካኒኮች በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ የጋራ ቅሬታ አላቸው። ደንበኛው የሚመጣው በዋዜማው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ነው። ነገ ንጋት ላይ እነሣለሁ ይላል፤ «ሰርቪስ» ብሎ ቁልፉን ሰጥቶ ይወጣል። ሰርቪስ የሚለው ቃል ውስጥ ምን እንዳለ ደንበኛውና መካኒኩ አልተነጋገሩም። የጋራዡ ቋንቋ በጣሊያን ዘመን ከመጣው የጭነት መኪና ጋር የገባ ነውና ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ስኮርታ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ለመካኒኩ የእናት ቋንቋ ያህል ሲሆኑ፣ ለብዙ ባለመኪና ግን ሰምቶ የሚያልፋቸው ናቸው። ስሙን የማያውቁትን ነገር «ይታይልኝ» ማለት ያስቸግራል። በዚያ ላይ የመለዋወጫ ሱቁ ሊዘጋ ነው፤ ሸራው ማለቁ ቢታይም የሚገዛበት ሰዓት የለም። መካኒኩ ያለውን መልሶ አስሮ ይለቀዋል።

አንድ ሳምንት የሚያስፈልገው ለዚህ ብቻ አይደለም። አዲስ የገባ የፍሬን ሸራ ከብረቱ ጋር እስኪስማማ ድረስ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፤ ያ መስማማት መፈጸም ያለበት ቀስ ተብሎ በሚነዳበት ከተማ ውስጥ እንጂ ጊቤ ላይ አይደለም። አዲስ የታሰረ ጎማ ብሎኑ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ መጥበቅ አለበት። የተነካ ቱቦ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግቢው ውስጥ ባለው ደረቅ መሬት ላይ በሁለት ሦስት ጠዋት ይታወቃል። ሞተሩም ቢሆን አይረሳ። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ከዚያ በላይ እንዲችል የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው። ክዳኑ ላስቲኩ ከለቀቀ ዳገቱ ላይ ውኃው ይፈላል፣ ቴስታ ጓርኒሲዮኑም አብሮ ይሄዳል። አንድ ክዳን ለመቀየር አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ግን መኪናውን ለቀናት ያስቀምጠዋል።

በሳምንቱ ውስጥ መንገዱም ይጠየቅ። ከአካባቢው ቡና ጭነው የሚመላለሱ አሽከርካሪዎች የትኛው ዳገት እንደተናደ፣ የቱ ድልድይ ላይ ውኃ እንደሞላ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ለሚለውም በዚያ ሳምንት ያለውን እውነት ያውቃሉ። ነዳጅ በትልልቆቹ ከተሞች፣ ለምሳሌ ጅማ ላይ፣ ግማሽ ሳይደርስ ይሞላ፤ በወረፋ ምክንያት ከጀሪካን የሚገዛ ነዳጅ ውኃ ሊኖርበት ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰል መንገዶች ስለሆነ የሞላ የስልክ ባትሪ እንደ ሞላ ታንክ የሚቆጠር ዕቃ ሆኗል። መነሻው ንጋት ይሁን፤ ከበደሌ ወዲያ ያለው የደን መንገድ በብርሃን እንዲታለፍ። ያ ካልሆነ ጅማ ወይም በደሌ ማደር ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ከአዲስ አበባ ሲነሣ የተፈተሸው መኪና ከመቱ የሚመለሰው መኪና አይደለም። ፍሬኑ አንድ ጊዜ ጊቤን ወርዷል፣ ጎማው የገጠሩን ድንጋይ ቀምሷል፣ ዘመድ ባዶ እጁን አይሰድምና ማሩና ቡናው ተጭኗል። ጭነቱ ጣሪያ ላይ ሲሆን መኪናው በጠመዝማዛው ላይ ይጋደላል፤ ከሰኮሩ በኩል ወደ ጊቤ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ከወዲያኛው አይሻልም። ስለዚህ መቱ ላይ፣ ከመሰነባበቱ በፊት ባለው ቀን፣ የጎማው ነፋስና የፍሬኑ ዘይት ደግመው ይታዩ፤ ከባዱ ዕቃ ወለል ላይ፣ ቀላሉ ጣሪያ ላይ ይሁን።

በዚህ ክረምት ወደ ኢሉባቦር የምትወጡ ሁሉ፣ ከመነሻችሁ ሰባት ቀን በፊት በአንድ ጠዋት ኮፋኖውን ከፍታችሁ የፍሬን ዘይቱን ቀለም እዩ፣ አራቱን ጎማና ስኮርታውን አስለኩ፣ ጋራዥ ስትገቡም «ሰርቪስ» ብላችሁ አትውጡ፤ ፍሬኑ እንዲታይ በስሙ ጠርታችሁ እዘዙ፣ እዚያው ቆማችሁም ሲፈታ እዩ።